ከመንዝ እስከ ዋሽንግተን፦ ትኬቱ ላይ ያልተጻፈው ሰዓት



ፋሲካ አልፎ ወደ ክረምቱ ስንጠጋ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ የጥያቄ ዓይነት ይቀየራል። የጨጓራውና የብጉሩ ነገር ቀነስ ይልና «ዶክተር፣ እናቴ አሜሪካ ልትሄድ ነው» የሚለው ይበዛል። ቪዛው ተሳክቷል፣ ትኬቱ ተቆርጧል፣ በርበሬና ሽሮው ተዘጋጅቷል፤ የቀረው እናትን አንድ ሐኪም ዘንድ ማሳየት ነው። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ይከተላል። አንዱ «በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሌላው «እዛ ላይ አየር አያጥራትም ወይ?»

ባለፈው ሳምንት የጻፈልኝ ወጣት እናት የመንዝ ሰው ናቸው፤ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር። 66 ዓመታቸው ነው፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ለልጃቸው የጻፍኩለት መልስ እየረዘመ እየረዘመ ሄዶ ጽሑፍ ወጣው። እሱም ስለፈቀደልኝ ለሁላችሁም አመጣሁት።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርሰው። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጭሩ የአየር መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ አውሮፕላኑ አንዴ ከተነሳ የትም ሳያርፍ ቦሌ ይደርሳል፤ አየር ላይ የሚቆየው 13 ሰዓት አካባቢ ነው። ሲሄድ ግን እንደዚያ አይደለም። ወደዚያ የሚሄደው በረራ በተለምዶ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ቀደም ሲል ሮም፣ በኋላ ደግሞ ደብሊን ያርፍ ነበር። ማረፊያው በየጊዜው ስለሚቀያየር የራሳችሁን ትኬት እዩ። ከነማረፊያው 16 ወይም 17 ሰዓት ያህል ይወስዳል።

«መንገዱ ያው አይደል እንዴ፣ ለምን ሲሄድ ይረዝማል?» የሚል ይኖራል። ምክንያቱ ለጤናው ጉዳያችንም ስለሚያገለግለን ትንሽ ልቆይበት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉን ደግፎ የሚያነሳውም ያው ስስ አየር ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነትና ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል። መንገደኛውን ከነሻንጣው ጭኖ፣ በዚያ ላይ ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ ከቦሌ መነሳት ይከብደዋል። ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና ዝቅ ያለ አገር ላይ አርፎ ይሞላል። ደለስ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ሙሉውን ይዞ ይነሳል። ከዚህም ሌላ እዚያ ከፍታ ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ የሚነፍሰው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ ሲመጣ ከኋላ ያግዘዋል።

በነገራችን ላይ ደብሊን በካርታ ላይ ስትታይ በጣም ወደ ሰሜን ያስኬደ ትመስላለች። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች ግን በዚያ በኩል መሄድ የሚጨምረው ከ300 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ከአዲስ አበባ መሐል ሜዳ እንደ መሄድ ማለት ነው።

እንግዲህ አውሮፕላን እንኳ ከደጋ ሲነሳ ይደክመዋል። የመንዝ እናትስ?

አውሮፕላኑ የሚበረው ከ10,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ውጪ ያለው አየር ሰው አያኖርም። ስለዚህ ውስጡ በታመቀ አየር ይሞላል፤ ግን እስከ ባሕር ጠለል ድረስ አይደለም። በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አየር፣ ቢሳሳ ቢሳሳ፣ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ቆማችሁ የምትተነፍሱትን ያህል ነው። ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 ደግሞ ከዚህ የተሻሉ ናቸው፤ ውስጣቸው ቢበዛ 1,800 ሜትር አካባቢ እንዳለ አገር ነው።

አሁን አወዳድሩ። በባሕር ጠለል ያለውን የአየር ግፊት 100 እንበለው። ድሪምላይነር ውስጥ 80 አካባቢ ነው። ቦሌ ተራ ስትጠብቁ 75 ነው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች 70 እንኳ አትሞላም። የመንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያ ጭራሽ ይወርዳል። የመንዝ ሰው ድሪምላይነር ውስጥ ሲገባ፣ በአየር በኩል ካየነው፣ ወደ ወይና ደጋ ወረደ እንጂ ወደ ላይ አልወጣም። ጓሳ ላይ ሣር ተሸክመው ዳገት ሲወጡ የኖሩ ሴት የአውሮፕላን አየር ያንቃቸዋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

ይሄን ስነግራቸው አንዲት እናት ስቀው «እንግዲያ እናንተ የአዲስ አበባዎቹ ተጠንቀቁ» ብለውኛል።

ይህ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም። ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው የሳንባ ሕመምተኛ፣ በቅርቡ የልብ ድካም የተባባሰበት፣ ልቡን ታሞ ገና ሳምንታት የሆነው፣ ከባድ የደም ማነስ ያለበት ሰው ሳይመረመር አይብረር። ለእነዚህ ሰዎች ኦክስጅን ማዘዝ ሊያስፈልግ ይችላል፤ እሱም በረራው ከመድረሱ ቀናት አስቀድሞ ከአየር መንገዱ ጋር የሚያልቅ ጉዳይ ነው እንጂ በር ላይ የሚጠየቅ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ይሄው የከፍታና የአየር ነገር እኔን ራሴን አሳስቶኝ ያውቃል።

ከተመረቅኩ በኋላ መጀመሪያ የሠራሁት በሰሜን ሸዋ ደጋ ባለ አንድ ሆስፒታል ነው። ኅዳር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት ጊዜ። ስልሳ ዓመት የዘለሉ እናት ባና ተከናንበው በልጃቸው ተደግፈው ገቡ። ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው ዘንድ አምስት ወር ሰንብተው ከተመለሱ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። ከመጡ ጀምሮ ዳገት እምቢ ብሏቸዋል፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ልጃቸው እኔ ገና ሳልጠይቅ ምርመራውን ጨረሰልኝ፤ «ዶክተር፣ ቆላ ሰንብታ መጥታ ነው፤ የደጋው አየር ከብዷት ነው።»

እውነቱን ለመናገር ለእኔም ልክ መሰለኝ። አምስት ወር ባሕር ጠለል አካባቢ የኖረ ሰው በአንዴ 3,000 ሜትር ሲወጣ ለጥቂት ቀን ቢያለከልክ ምን ይገርማል? የልብ ምታቸው 116፣ የደማቸው ኦክስጅን 84 በመቶ። ከፍታው ነው አልኩ። ደረታቸውን አዳመጥኩ፣ ንጹሕ ነው። እረፍት ያድርጉ፣ ትኩስ ነገር ይጠጡ፣ ካልተሻለዎት ይመለሱ ብዬ ልሸኛቸው ካርዱ ላይ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

«ዶክተር፣ እግራቸውን አይተኸዋል?» አለችኝ አብራኝ ተረኛ የነበረችው ሲስተር። እኔ ፊደል ስቆጥር እሷ ሕመምተኛ ታስታምም የነበረች ሴት ናት።

አላየሁትም። ረጅም ቀሚስ፣ ከላይ ባና፣ በዚያ ብርድ ማን ያስወልቃቸዋል ብዬ ነው። ሰበብ ነው።

ቀሚሱ ከፍ ሲል የግራ ባታቸው ከቀኙ በግልጽ ወፍሯል። ይሞቃል። ስነካው ጥርሳቸውን ነከሱ። ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ ምራታቸው ሦስት ቀን ሙሉ በለጋ ቅቤ ስታሽላቸው ኖሯል። አንድ ቀን ወጌሻም መጥቶ «ጅማት ዞሮ ነው» ብሎ አሽቶ ሄዷል። «ለምን አልነገሩኝም እማማ?» ስላቸው «አንተ ስለ ትንፋሹ ነው የጠየቅከኝ ልጄ» አሉኝ።

በእግራቸው ደም ስር ውስጥ ደም ረግቷል። ከረጋው ላይ ቁራጭ ተገንጥሎ በልብ በኩል አልፎ ሳንባቸው ውስጥ ተሰንቅሯል። ያሳጠራቸው ይሄ ነበር እንጂ ደጋው አልነበረም። ደም ማቅጠኛ መርፌ ጀምረንላቸው፣ ኦክስጅን ተደርጎላቸው በዚያው ቀን በአምቡላንስ ሪፈር ተባሉ። በዶፕለር አልትራሳውንድ እግራቸው፣ በሲቲ ስካን ሳንባቸው ታየ፤ ሁለቱም ላይ ተገኘ። ወራት መድኃኒት ወስደው ዳኑ። ካርዱን ጽፌ ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን አሁንም አንዳንድ ሌሊት አስበዋለሁ።

በኋላ ሳነብ የበለጠ አፈርኩ። በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢል የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ጥናት አለ። በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎችን ደም ለክተው የኦክስጅን መጠናቸው በአማካይ 95 በመቶ ገደማ ሆኖ አገኙት፤ ዝቅ ባለ አገር ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ማለት ነው። የአንዲስና የቲቤት ደገኞች ላይ እንደዚህ አልታየም። እንግዲህ የመንዝ ተወላጅ እናት 84 በመቶ ሲያሳዩ «ከፍታው ነው» ማለት አይበቃም ነበር። ከአሜሪካም ከአውሮፓም የተመለሰ ዘመድ ኖሯችሁ ትንፋሽ አጠረኝ ካለ፣ አየሩን ከመውቀሳችሁ በፊት እግሩን እዩ፤ እግሩ ደህና ቢመስልም እንኳ ውሰዱት።

ሲሻላቸው ለክትትል በመጡበት ቀን ጉዟቸውን አንድ በአንድ አስቆጠርኳቸው። ደለስ የደረሱት ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመው ነው። እንዳይጠፉ ብላ ልጃቸው ዊልቸር አዝዛላቸዋለች፤ ስለዚህ ከመኪና ወርደው ዊልቸር ላይ፣ ከዊልቸር አውሮፕላን ላይ። መስኮት ጋ ተቀመጡ። አጠገባቸው ሁለት ጎልማሶች ተኝተዋል። «ሰው ከእንቅልፉ ቀስቅሼ፣ በሰው እግር ላይ ተረማምጄ ሽንት ቤት ልሂድ እንዴ?» ብለው 13 ሰዓት አንዴም አልተነሱም። ሽንት እንዳይመጣ ደግሞ ውሃ አልጠጡም። አዲስ አበባ አድረው በማግስቱ ንጋት ላይ ከላምበረት መናኸሪያ ተሳፈሩ፤ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በጣርማ በር በኩል፣ ጭናቸው ላይ ሻንጣ ይዘው፣ ጉልበት ማንቀሳቀሻ በሌለው ወንበር፣ ሰባት ሰዓት። አብረን ደመርነው። በሁለት ቀን ውስጥ ወደ 25 ሰዓት ቁጭ ብለዋል። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ግን 13 ነበር።

የጽሑፌ ዋና ነገር ይሄ ነው። አየር መንገዱ የሚነግራችሁ አውሮፕላኑ የሚቆይበትን ሰዓት ነው። እግራችሁ ግን መኪና፣ አውቶቡስ፣ ዊልቸር፣ አውሮፕላን ብሎ አይለይም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ይቆጥራል። ስንራመድ የባት ጡንቻ እየተኮማተረ ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፣ እንደ ፓምፕ ነው። ጉልበት ታጥፎ፣ ባት ሳይንቀሳቀስ ሰዓታት ሲያልፉ ደሙ እዚያው ይተኛል፤ የተኛ ደም ይረጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጥናት ውጤት እንደሚለው ከአራት ሰዓት በላይ ቁጭ ብሎ መጓዝ የደም መርጋትን ዕድል ወደ እጥፍ ያሳድገዋል። ያም በአውሮፕላን ብቻ አይደለም፤ በአውቶቡስም፣ በባቡርም፣ በመኪናም ያው ነው። አትደንግጡ፤ ጤነኛ ሰው ላይ በጣም ጥቂት ነው፣ ከአራት ሰዓት በላይ ከሚበሩ 6,000 ሰዎች አንዱን ያህል። ነገር ግን ጉዞው በረዘመ ቁጥር፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጉዞ በጉዞ ላይ በተደራረበ ቁጥር ይጨምራል። ስጋቱም አውሮፕላኑ ሲያርፍ አያበቃም፤ ለሳምንታት ይቆያል። የእኚያ እናት ሕመም ጎልቶ የወጣው በዘጠነኛው ቀን መሆኑን አስታውሱ።

ከዚያው ጥናት አንድ ነገር አስገርሞኛል። ስጋቱ ከፍ ብሎ የታየው ከ1 ሜትር ከ90 በላይ በሆኑ ረጃጅሞች ብቻ ሳይሆን ከ1 ሜትር ከ60 በታች በሆኑ አጫጭሮችም ላይ ነው። የረጅሙ ገብቶኛል፤ ጉልበቱ ፊት ካለው ወንበር ጋር ተላትሞ ይቀመጣል። የአጭሩስ? እግሩ መሬት አይነካም! ተንጠልጥሎ ሲቆይ የወንበሩ ጠርዝ ከጉልበት ጀርባ ያለውን ደም ስር ይጫነዋል ተብሎ ይታሰባል። እናቶቻችንን አስቧቸው፤ ስንቶቹ ናቸው የአውሮፕላን ወንበር ላይ ተቀምጠው እግራቸው ወለሉን የሚረግጠው?

ወደ ጠያቂዬ ልመለስ። የእናትህን ሰዓት ከቤታቸው ደጃፍ ጀምረህ ቁጠረው። መሐል ሜዳ አዲስ አበባ ሰባት ሰዓት። ቦሌ ቀድሞ መድረስ ሦስት ሰዓት። በረራው 17። እዚያ ሲደርሱ የኢሚግሬሽን ሰልፉ፣ ሻንጣው፣ የመኪናው መንገድ ደግሞ ሁለት ሦስት ሰዓት። ሠላሳ ሰዓት መጣ። ይሄን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ አታስኬዳቸው። ከበረራው ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይግቡ፤ ዘመድ ጋ ይረፉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳሙ፣ በእግራቸው ይንቀሳቀሱ። ሲመለሱም እንዲሁ፤ ሻንጣውን ይዞ በማግስቱ ናፍቆት ነው ብሎ ወደ መናኸሪያ መሮጥ ይቅር።

ወንበሩን የመተላለፊያው ዳር አስይዝላቸው። መስኮቱ ለፎቶ ያምራል፤ ለእሳቸው ግን ሰው ሳያስቸግሩ መነሳት ይበልጣል። ነቅተው ባሉበት ጊዜ በየአንድ ሁለት ሰዓቱ ተነስተው እስከ ኋላ ሄደው ይመለሱ። ተቀምጠውም ተረከዝ መሬት አድርጎ ጣትን ወደ ላይ፣ ከዚያ ጣት መሬት አድርጎ ተረከዝን ወደ ላይ፤ እንደ ድሮ የሲንጀር መኪና ፔዳል ማለት ነው፣ ለእናቶች ሳስረዳ ቶሎ የሚገባቸው በዚህ ነው። እግራቸው መሬት ካልደረሰ የእጅ ቦርሳቸውን ከእግራቸው ስር ያድርጉት። አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲያርፍ መንገደኛው ብዙ ጊዜ አይወርድም፤ ግን መብራቱ በርቶ ቆመው መዘርጋት ከተፈቀደ ይጠቀሙበት።

ዊልቸሩን ሰርዝ አልልህም። ቋንቋ ለማያውቅ ሰው መንገድ መሪ ነው፣ የሰልፍ ስቃይም ይቀንሳል። ነገር ግን በገዛ እግራቸው ገበያ ደርሰው የሚመለሱ እናት ከሆኑ፣ የሚገፋቸውን ልጅ «እዚህ እዚህ በእግሬ ልሂድ» ማለት እንደሚችሉ ንገራቸው። ማፈር የለም።

ስለ ሽንት ቤቱ በግልጽ አውራቸው። ይሄን የምለው ቀልድ ስለሚመስል ማንም የማይነግራቸው ስለሆነ ነው። በሩ ወደ ውስጥ እንደሚታጠፍ፣ ሲቆለፍ መብራት እንደሚበራ፣ ውሃው ሲለቀቅ እንደ ነጎድጓድ እንደሚጮህ አስቀድመው ይወቁ። አንዴ በዚያ ድምፅ የደነገጠች እናት ሁለተኛ አትሄድም፤ ላለመሄድ ደግሞ አትጠጣም። የአውሮፕላን ውስጥ አየር በጣም ደረቅ ነው፤ ከንፈርና ጉሮሮ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ጉዞው ጾም ላይ ከዋለ ከንስሐ አባታቸው ጋር ቀድመው ይነጋገሩ እላለሁ፤ እንዲህ ላለው ረጅም መንገድ የሚሉት አይጠፋቸውም።

«አስፒሪን ልስጣት?» የሚለኝ ብዙ ነው። ለጉዞ ብቻ ተብሎ አስፒሪን መዋጥ አይመከርም፤ በእግር ደም ስር ለሚረጋው ደም ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ ጨጓራ ግን ሊያደማ ይችላል። ሐኪም ለልብ ያዘዘላቸው ካሉ ግን አያቋርጡ። የእንቅልፍ ክኒንም አልወድም፤ ስምንት ሰዓት ሳይገላበጡ እንቅልፍ ማለት ራሱ የምንፈራው ነገር ነው። እስከ ጉልበት የሚደርሰው አጥባቂ ካልሲ ይጠቅማል፣ ማስረጃም አለው። ልኩ ካልሆነና ላይኛው ጠርዝ ባትን እንደ ገመድ ካነቀ ግን ይጎዳል፤ እግራቸው ላይ የደም ዝውውር ችግር ወይም በስኳር ምክንያት መደንዘዝ ያለባቸው ሐኪም ሳያያቸው አያድርጉት።

ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት የሚያውቅ፣ ካንሰር ያለበት፣ በቅርብ ሳምንታት ትልቅ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም እግሩ በጀሶ የታሰረ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ገና የወለደች፣ ኢስትሮጅን ያለው የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስድ፣ በጣም የከበደ ውፍረት ያለው፤ እናንተ ከተራው መንገደኛ ትለያላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከበረራው በፊት መከላከያ መድኃኒት ሊያስፈልጋችሁ ይችላልና ሐኪማችሁን ሳታዩ አትሂዱ። ይሄ ለእናቶች ብቻ የተጻፈ አይደለም፤ ለትምህርት የምትሄደው የ24 ዓመት ወጣትም እዚህ ውስጥ ልትኖር ትችላለች።

ከጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ባት ላይ ሕመምና ሙቀት ከመጣ አታሹት። በቅቤም፣ በቪክስም፣ በወጌሻም። የረጋው ደም ሲታሽ ተገንጥሎ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱም እግር እኩል አበጥ ብሎ በሁለት ቀን የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የመቀመጥ ነው፤ የአንዱ ግን ሌላ ነው። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ራስን መሳት ካለ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ነገ አይባልም። ለሐኪሙም «ከስንት ቀን በፊት ረጅም መንገድ ተጉዣለሁ» በሉት፤ እንደኔ ያለ ጀማሪ ከገጠማችሁ ትረዱታላችሁ።

የመድኃኒት ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ ሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የሚያስቀው፣ እናትህ የእጅ ሰዓታቸውን ሳይነኩት ቢሄዱ በበጋቸው የአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ ነው የሚያዩት፤ የእሳቸው 6 ሲል የዋሽንግተኑ 5 ይላል። ግን የእሳቸው 6 ቀትር ነው፣ የዚያኛው 5 ጎህ ያልቀደደበት። በቀን አንዴ የሚወሰደውን የግፊት ክኒን በጉዞው ቀን ጠዋት ይዋጡ፣ ቀጣዩን እዚያ ሲነጋ። ጥቂት ሰዓት መዘግየቱ ለአብዛኞቹ ክኒኖች ችግር የለውም፤ «አምልጦኛል» ብሎ ሁለት መዋጥ ግን አለው። ሽንት የሚያበዛውን ክኒን በጉዞ ቀን በራሳቸው ፈቃድ የሚተዉ አሉና ከሐኪማቸው ጋር ይወስኑ። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ቀኑ ይረዝማል፣ ሲመለሱ ያጥራል፤ መጠኑንና ሰዓቱን ሐኪማቸው በወረቀት ይጻፍላቸው። ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ታች የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል፣ ሻንጣውም ሊዘገይ ይችላል። የትኬቱ ሰዓት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 22:15 ማለት ማታ 4:15 ነው። በዚህ ምክንያት በረራ ያመለጣቸው ሰዎች አውቃለሁ።

ሜሪላንድ ደርሰው የመጡት እናት ዘንድሮ እንደገና ሊሄዱ ነው፤ የልጅ ልጅ ተወልዷል። ቀድሞ ደም ስለረጋባቸው የሚከታተሏቸው ስፔሻሊስት ለበረራው መድኃኒት አዝዘውላቸዋል። ከትናንት ወዲያ ስልክ ደወሉልኝ። ወንበሩ የመተላለፊያው ዳር እንደሆነ፣ አዲስ አበባ ሦስት ቀን እንደሚያርፉ ነገሩኝና «ከእግሬ ስር የማደርገው ምን ልያዝ ልጄ?» አሉኝ። ለልጅዎ ምን ሊወስዱላት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። በሶ ነው አሉኝ፤ አምስት ኪሎ፣ በከረጢት።

«እሱ ይበቃል እማማ» አልኳቸው።

«በእህል ላይ አልቆምም» ብለው ስልኩን ዘጉብኝ።